ቅዳሴ ስንት ሰዓት ይግባ?

በውጭ አገር አጥቢያ ለዓመታት ያገለገለ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። በሃይማኖት ጉዳይ ብዙም አንጣላም። የምንጣላው በቁልፍ፣ በፓርኪንግ፣ በሒሳብና በሰዓት ነው። ከእነዚህ ሁሉ ቀላሉ ሰዓት ይመስላል። «ከሚቀጥለው እሑድ ጀምሮ ቅዳሴ 1 ሰዓት መግባቱ ቀርቶ 3 ሰዓት ይገባል» ብሎ ማስነገር ነው፤ አለቀ። ግን አያልቅም። ሁለት ወር ሳይሞላ ዲያቆናቱ ይሳሳሉ። እናቶች ያኮርፋሉ። በቴሌግራም ግሩፑ ላይ «ማን ፈቅዶ ነው?» የሚል ይነሳል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እዚያው ከተማ ውስጥ ሌላ አጥቢያ ተከፈተ ሲባል ትሰማላችሁ።

እኔ አሜሪካ ውስጥ ከአንድ በላይ ከተማ ኖሬአለሁ፤ በሰበካ ጉባኤም አገልግያለሁ። የሰዓት ለውጥ በፍቅር ሲያልፍ አይቻለሁ፣ ሰው ሲበትንም አይቻለሁ። ሁሉን የሚያስደስት ሰዓት የለም። በየትኛውም ሰዓት የሚጎዳ ሰው አለ። ያ ሰው ከውሳኔው በፊት ከተጠየቀ ችሎ ይኖራል። ከውሳኔው በኋላ ከተነገረው ግን ጉዳዩ ሰዓት መሆኑ ይቀርና የክብር ጉዳይ ይሆናል።

ለውጡ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሕንፃው ባለቤቶች ነው። ብዙዎቻችን የራሳችን ሕንፃ የለንም። የሉተራን፣ የኤፒስኮፓል ወይም የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተከራይተን ነው የምንቀድሰው። እነሱም እሑድ ጠዋት የራሳቸው ጸሎት አላቸው። እኛ ወይ ከእነሱ በፊት ነን፣ ወይ ከእነሱ በኋላ። አንድ ቀን ደብዳቤ ይመጣል። ከመስከረም ጀምሮ ጸሎታቸውን አንድ ሰዓት ተኩል ቀደም ስለሚያደርጉት እባካችሁ ቀድማችሁ ጨርሱልን ይላል። የእኛ ሰው ያንን ሲያነብ የመጀመሪያው ሐሳቡ «ሊያባርሩን ነው» የሚል ነው።

ብዙውን ጊዜ ነገሩ ሌላ ነው። ምእመናናቸው አርጅተዋል። ቁጥራቸው ቀንሷል። ሁለት የነበረውን የእሑድ ጸሎት ወደ አንድ አጥፈውታል፤ ለሁለቱም ወገን የሚመች ሰዓት ሲፈልጉ እኛ ላይ አረፈ። እኛን ለመጉዳት ያሰበ የለም። ስለዚህ ደብዳቤን በደብዳቤ አትመልሱ። ሂዱ። አስተዳዳሪው፣ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ፣ አንድ እዚያው ያደገና ቋንቋውን የሚያቀላጥፍ ወጣት ሆናችሁ ሂዱ። ወጣቱ አስተርጓሚ ብቻ አይሁን፤ ሐሳቡንም ይናገር። ፈረንጆቹ ከእሱ ጋር በቀላሉ ይግባባሉ፣ እሱም ቤተ ክርስቲያኑ የራሱ እንደሆነ የሚያውቀው እዚያ ነው።

ስትሄዱ ያልተጻፈውን ጠይቁ። «ሌላ የሚያስቸግራችሁ ነገር አለ ወይ?» በሉ። ዕጣኑ ሊሆን ይችላል። ከመዘምራኖቻቸው አንዷ አስም ቢኖርባትና በጠዋት ገብታ ብትታፈን፣ በይሉኝታ ዝም ብለው ሊሆን ይችላል። የጢስ ማስጠንቀቂያው ጮኾ እሳት አደጋ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ከበሮው ጎረቤት ቀስቅሶ፣ ጧፉ ምንጣፍ ላይ ፈስሶ፣ የእኛ መኪኖች የአካል ጉዳተኛ ቦታ ላይ ቆመው ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሳታስተካክሉ ሰዓት ብትደራደሩ ከዓመት በኋላ ሌላ ደብዳቤ ይመጣል። የተስማማችሁበትን ደግሞ በጽሑፍ ያዙ። ስንት ሰዓት ትገባላችሁ፣ ስንት ሰዓት ትወጣላችሁ፣ በእናንተና በእነሱ መካከል ስንት ደቂቃ ክፍተት አለ። እኔ ቢያንስ 30 ደቂቃ ክፍተት እንዲኖር እመክራለሁ። መስኮት ለመክፈት፣ ወንበር ለማስተካከል፣ ጫማ የሚፈልጉ ሕፃናትን ለመሰብሰብ ያን ያህል ያስፈልጋል።

ባዶ እጃችሁንም አትሂዱ። እንጀራ ውሰዱ ማለቴ አይደለም፤ እሱም አይጠላም። ግቢያቸውን በሚያጸዱበት ቀን ወጣቶቻችሁን ላኩ። በረዶ ሲወርድ መግቢያውን ጥረጉላቸው። የመስቀል ደመራ ስትለኩሱ ጥሩአቸው። በጎ ፈቃድ የሚጠራቀመው ችግር ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ደብዳቤው ከመጣ በኋላ የሚደረግ ደግነት ጉቦ ይመስላል።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። ሰው ሲበዛ «ለምን ሁለት ጊዜ አንቀድስም? ሌሎቹ የመጀመሪያና ሁለተኛ ፕሮግራም አላቸው» የሚል ሐሳብ ከወጣቶች ይነሳል። ፕሮቴስታንት ወገኖቻችን ያደርጉታል፣ ይሠራላቸዋል። የእኛ ሥርዓት ግን ሌላ ነው። በአንድ መንበር (ታቦቱ በሚያርፍበት መሠዊያ) በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ አይቀደስም። ቀድሶ የቆረበ ካህንም በዚያው ቀን ዳግመኛ አይቀድስም። ለቅዳሴ ደግሞ ቢያንስ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት። አገር ቤት ትልቅ ደብር ውስጥ ይህ ጥያቄ አይደለም። እዚህ ግን ዲያቆኑ የኮሌጅ ተማሪ ነው፣ ፈተና አለበት። ሁለተኛው ቄስ ሳምንቱን ሙሉ ኡበር ሲነዳ የሰነበተ ነው። ሦስተኛው ዲያቆን የሚመጣው ከሌላ ከተማ ነው። ስለዚህ ሰዓት ስታስቡ መጀመሪያ የምትቆጥሩት ወንበር ሳይሆን ልዑካን ይሁኑ። አምስቱ በሰዓቱ ሊገኙ የማይችሉበት ሰዓት ምንም ያህል ለሕዝብ ቢመች በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

ብዙ ሰው የሚረሳት መውጫ ግን አለች። ቀዳሚት ሰንበት። አባቶቻችን በቅዳሜ ጉዳይ ወደ መቶ ዓመት ገደማ ተከራክረዋል። የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜም እንደ እሑድ ትከበር በማለታቸው ተወግዘዋል፣ ተሰደዋል። በመጨረሻ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ በፈረንጆች 1450፣ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። ይህን የማነሳው ለታሪክ ብዬ አይደለም። እሑድ ፈጽሞ የማይመቻቸው ምእመናን ካሏችሁ፣ በወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቅዳሴ ማድረግ ፈረንጅ አገር የተፈጠረ ዘዴ እንዳልሆነ እንድታውቁ ነው። ስሙ ራሱ ሰንበት ነው። እሑድ ዕለት ሥራ የማይለቃት ነርስ በዚያ ቅዳሜ ትቆርባለች። ከአባቶች ጋር ተመካከሩና ሞክሩት።

የቁርባንን ነገር ካነሳን ጾሙን አትርሱ። የሚቆርብ ሰው 18 ሰዓት ይጾማል። ቅዳሴ ማለዳ ሲሆን አብዛኛው ጾም በእንቅልፍ ያልፋል። ወደ ቀትር ሲገፋ ግን ሰው ነቅቶ፣ ቆሞ፣ ሕፃን ተሸክሞ ነው የሚጾመው። ስኳር ያለባቸው እናቶች መድኃኒታቸውን በሰዓቱ መውሰድ አለባቸው፤ ግን በጉባኤ ላይ እጃቸውን አውጥተው «እኔ ስኳር አለብኝ» አይሉም። ሌላ ሰው ሊያስብላቸው ይገባል። ለንስሐ አባታቸው ይነግሩታል፤ ስለዚህ ካህናቱ ስም ሳይጠሩ ይህን ወደ ሰበካ ጉባኤው ቢያመጡት መልካም ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ስብሰባ ላይ የሚናገረው ማን ነው? መኪና ያለው። እሑድ ሥራ የሌለው። አማርኛው የሚጥም፣ ከሰው ፊት የማይፈራ። ዝም የሚሉት ወይም ከነጭራሹ ያልመጡት ግን በሰዓቱ ለውጥ በጣም የሚነኩት ናቸው። በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት የምትሠራ እህት አለች። ከሥራ የምትወጣው ጠዋት 1 ሰዓት ነው፤ ነጠላዋን መኪናዋ ውስጥ አስቀምጣ፣ ዩኒፎርሟን እዚያው ቀይራ ነው የምትመጣው። ቅዳሴው 12 ሰዓት ከገባ ሁልጊዜ ዘግይታ ትገባለች። 4 ሰዓት ከገባ ደግሞ እንቅልፍ ይጥላታል፣ ቤቷ ትሄዳለች፣ አትመጣም። ለእሷ ቅዳሴው 2 ሰዓት ቢገባ ትልቅ ነገር ነው። አንድ የኤርፖርት ፓርኪንግ ሠራተኛ አለ፤ ሺፍቱ በየሳምንቱ ይቀያየራል፣ እሱን ምንም ሰዓት አያስደስተውም፣ ግን ቢጠየቅ ደስ ይለዋል። ልጃቸው ጋ የሚኖሩ፣ መኪና የማይነዱ፣ በአውቶቡስ የሚመጡ እማማ አሉ። እሑድ ጠዋት አውቶቡስ ይሳሳል። የመጀመሪያው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ከሰበካ ጉባኤው አባላት መካከል የሚያውቅ አለ? ብዙ ጊዜ የለም፤ ሁላችንም በመኪና ነው የምንመጣው።

ሦስት ልጆች ያሏት እናትም አለች። ባሏ ሥራ ነው። ልጆቹን አልብሳ፣ መኪና ወንበር ላይ አስራ፣ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ፣ ትንሹ ሲያለቅስ ከኋላ ቆማ ታባብላለች። ጎልማሶቹ ዘወር ብለው ያዩአታል። እሷ ስለ ሰዓት አስተያየት የምትሰጥበት ጊዜ የላትም። ዘግይተው የሚገቡትን በየሳምንቱ ከመድረክ ከመገሠጽ፣ አንድ ሳምንት በር ላይ ቆሞ «እህቴ፣ ስንት ሰዓት ቢሆን ይመችሽ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። የሚሰጡት መልስ ከሦስት ስብሰባ የበለጠ ያስተምራችኋል።

እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሰዎችን ከፋፍላችሁ ጠይቁ። የእናቶችን ማኅበር የምትመራዋ እህት ለእናቶች ትደውል። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰብሳቢ ወጣቶቹን ይጠይቅ። የጽዋ ማኅበራት በየቤታቸው ሲሰበሰቡ ይነጋገሩበት። ከዚያ ሁሉም ወደ ሰበካ ጉባኤው ይምጣ። ጎግል ፎርም የሚሉት ነገር ጥሩ ነው፣ ግን እሱን የሚሞሉት ሌላ ጊዜም የሚናገሩት ሰዎች ናቸው።

አሁን ደግሞ አንዳንድ ወዳጆቼን የማላስደስትበትን ልናገር። ጊዜ የሚበላው ቅዳሴው አይደለም። ቅዳሴው ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሦስት ሰዓት ነው። ከዚያ ስብከት አለ። መዝሙር አለ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ለነፍስ ነው። ከዚያ ማስታወቂያ ይመጣል። የሕንፃ ኮሚቴ ሪፖርት ያቀርባል። ሪፖርቱ ሲያልቅ ቃል የገቡ ሰዎች ስም ይነበባል። አንድ ሥዕል ለጨረታ ይቀርባል። «አንድ ደቂቃ ብቻ» ብሎ ማይክ የሚቀበል ወንድም አይጠፋም፤ ያቺ ደቂቃ ደግሞ እንዴት እንደምትረዝም እናውቃለን። ባለቤቶቹ በር ላይ ቆመው ሰዓታቸውን ሲያዩ እኛ ገና ስለ ሚኒባስ ግዢ ነን። ከዚያ ሰዓቱ አልበቃንም ተብሎ ቅዳሴው ከሌሊቱ ይጀመር የሚል ሐሳብ ይቀርባል። እባካችሁ፣ እናቶችን ከእንቅልፍ ከመቀስቀሳችሁ በፊት ማስታወቂያውን ቁረጡ። ማስታወቂያ በጽሑፍ ይለጠፍ፣ በቴሌግራም ይላክ። ጨረታ ለዓመታዊ በዓል ይቆይ። የገንዘብ ሪፖርት በሦስት ወር አንድ ጊዜ፣ በአዳራሽ፣ ከቡና ጋር ይቅረብ። በዚህ ብቻ አርባ ደቂቃ አትርፈው የሰዓት ለውጡን ጭራሽ ያስቀሩ ሰዎች አውቃለሁ።

ለውጡ ከተወሰነ ደግሞ አነጋገሩ ግልጽ ይሁን። «ቅዳሴ 3 ሰዓት ይገባል» ብላችሁ ስትጽፉ እናታችን በትክክል ይረዱታል። አሜሪካ የተወለደው ልጃቸው ግን ከሰዓት በኋላ እንደሆነ ያስባል። በሚያስቅ ሁኔታ አንዱ ቤት ሆነው ሁለት ሰዓት ይዘው ይጣላሉ። ሁለቱንም ጻፉ፦ «በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በፈረንጁ 9 ሰዓት ጠዋት»። ከቅዳሴ በፊት ያለው የኪዳን ጸሎት የሚደርስበትን፣ ቅዳሴ የሚገባበትን፣ ስብከት የሚጀመርበትን ለየብቻ ጻፉ። «ጠዋት» ብቻ ብሎ መተው ለሐበሻ አደገኛ ነው።

የሰዓት መዞሩንም አስቡበት። አሜሪካ ውስጥ ሰዓቱ ወደፊት የሚዞረው በማርች ሁለተኛው እሑድ ሌሊት ነው፤ የሚመለሰው በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ። አውሮፓ ውስጥ በማርች የመጨረሻው እሑድና በኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ ነው። ሁለቱም እሑድ ላይ ናቸው፤ ያውም በሌሊት፣ ልዑካኑ ከመነሳታቸው በፊት። የማርቹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል። ሰዓት የመቀየር ሐሳብ ካላችሁ ከእነዚህ ሳምንታት አርቁት። በአንድ ጊዜ ሁለት ለውጥ ሲመጣ ሰው ሁሉንም ጥፋት በእናንተ ላይ ያደርጋል።

አሜሪካና አውሮፓ ያለን ሰዎች እሑድን እንደ ተፈጥሮ ነገር እናየዋለን። አረብ አገር ያሉ ወገኖቻችን ግን ከእኛ በላይ ያውቁበታል። በኩዌትና በኳታር የሥራ ዕረፍቱ ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ ስለዚህ ክርስቲያኑ በብዛት የሚሰበሰበው ዓርብ ነው። በኤምሬትስ እስከ 2021 ድረስ እንዲሁ ነበር። በጃንዋሪ 2022 መንግሥት ዕረፍቱን ወደ ቅዳሜና እሑድ አዛወረው። ቢሮ የሚሠራው ሰው እሑዱን አገኘ። ቤት ውስጥ የምትሠራዋ እህት ግን የዕረፍት ቀኗን የሚወስኑት አሠሪዎቿ ናቸው፤ ዓርብ የለመደች ዓርብ ናት። ቀኑ ተቀየረ ተብሎ የዓርቡ ጸሎት ቢቀር ቤተ ክርስቲያን የምታጣው እሷን ነው። እስራኤል ውስጥ ደግሞ እሑድ መደበኛ የሥራ ቀን ነው። ሌባኖስ ያለች እህት መውጣት ከተፈቀደላት ብዙውን ጊዜ እሑድ ነው፤ በዚያች በአንዲት ቀን ቅዳሴም፣ ለአገር ቤት ገንዘብ መላክም፣ ዘመድ መጠየቅም አለባት። እንዲህ ላለች እህት ጸሎቱ በሰዓቱ መጀመሩና በሰዓቱ ማለቁ ራሱን የቻለ ምጽዋት ነው።

በጎ ፈቃድ ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ ማየት ለሚፈልግ ኢየሩሳሌም አለች። በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን የግሪክ፣ የላቲንና የአርመን ማኅበረሰቦች ማን የት፣ ስንት ሰዓት እንደሚጸልይ የሚመሩት በኦቶማን ሱልጣን የ1852 ትእዛዝ በጸናው ደንብ ነው። የእኛ መነኮሳት በጣሪያው ላይ፣ ዴር ሱልጣን በሚባለው ገዳም ናቸው፤ የእነሱም ይዞታ እስከ ዛሬ ያከራክራል። የበሩን ቁልፍ የመጠበቅና በሩን የመክፈት ኃላፊነት በሁለት የሙስሊም ቤተሰቦች እጅ ነው። በጋ ሲመጣ ከተማው ሰዓቱን ወደፊት ሲያዞር እዚያ ውስጥ የድሮው ሰዓት ይቀጥላል፤ አንዷን ሰዓት ለማንቀሳቀስ የሁሉም ስምምነት ያስፈልጋላ! ቅዱስ ቦታ ነው፣ እኔም ልሳለመው እመኛለሁ። ግን አጥቢያችሁ እንደዚያ እንዲተዳደር አትፈልጉም።

ወደ ስብሰባው እንመለስ። ድምፅ ለመቁጠር አትቸኩሉ። 51 ለ49 የተወሰነ ሰዓት ለእኔ ገና አልተወሰነም። ግማሹ ሰው ተሸንፎ ወደ ቤቱ ገብቷልና። ይልቅ ለሙከራ ይሁን በሉ። ከዳግማይ ትንሣኤ እስከ ፍልሰታ መግቢያ ያለው ጊዜ ለሙከራ ጥሩ ነው፤ ቀኑ ይረዝማል፣ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ በረዶ የለም። መጨረሻውን ቀን ከመጀመሪያው አሳውቁ። «በዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንገመግመዋለን» በሉ፣ በቃለ ጉባኤ ጻፉት፣ ቀኑ ሲደርስም በእውነት ገምግሙት። ሙከራ ተብሎ ተጀምሮ ሳይገመገም የቀረ ነገር ሕዝቡን ከማንኛውም ውሳኔ በላይ ያስቀይማል። ሁለተኛ «ሙከራ» ስትሉ የሚያምናችሁ የለም።

የተቃወመው ሰው የሚለውን ቃል በቃል ጻፉለት። ብዙ ጊዜ ተቃውሞው ስለ ሰዓት ይመስላል እንጂ ሌላ ነው። ያለፈው ዓመት ሒሳብ ነው፣ ወይም ልጁ ሲዳር ያልተጠራ ሰው አለ። አንዳንዴ የሰዓቱ ጉዳይ የአገር ቤት ፖለቲካ ለብሶ ይመጣል። «እነ እገሌ ለራሳቸው እንዲመች» የሚል ቃል ከሰማችሁ ፈጥናችሁ ያዙት። «እነ እገሌ» የተባሉትን እና ይህን ያለውን ሰው አባታችን ቤት ለቡና ጥሩ። በግሩፕ ቻት እንዲህ ያለ ነገር ተፈትቶ አላየሁም።

ከዚህ የከበደም ታርቀናል እኮ። ሁለት ሲኖዶስ ሆነን ከ25 ዓመት በላይ ተለያይተን የኖርን ሰዎች በሐምሌ 2010 ዓ.ም. እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ ላይ እርቅ ሲወርድ አይተናል። ከዚያ በፊት በአንድ ከተማ እየኖሩ፣ ለአንድ ለቅሶ እየተጠራሩ፣ አብረው የማያስቀድሱ ቤተሰቦች ነበሩ። ያንን ያለፈ ሕዝብ በአንድ ሰዓት ተኩል ልዩነት ሊከፈል አይገባውም ነበር፤ ግን ይከፈላል፣ ስለዚህ ነው የምጽፈው።

አንዳንድ ሰው ግን ምንም ብታደርጉ ይሄዳል። ሰዓቱ አይመቸውም፣ ወደ ሌላ አጥቢያ ያመራል። ተዉት፣ ግን ደውሉለት። «ከዳን» አትበሉ። እሱም ቤተ ክርስቲያን ነው የሄደው፣ ሌላ ቦታ አይደለም። በዓመታዊው ክብረ በዓል ጥሩት። የሰዓት ጉዳይ ስለሆነ የሥራ ፈረቃው ሲቀየር ሊመለስ ይችላል፤ የሚመለሰው ግን ክፉ ቃል ካልሰማ ብቻ ነው። ሁለቱ አጥቢያዎች ቢነጋገሩ ደግሞ የበለጠ ያምራል። በአንድ ከተማ ያሉ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ማለዳ፣ ሌላው ረፈድ አድርጎ ቢቀድሱ ሕዝቡ ምርጫ ያገኛል። እንዲህ ያለ ስምምነት ግን የአስተዳዳሪዎቹን ትሕትና ይጠይቃል።

በመጨረሻ የቀን መቁጠሪያውን አዘጋጁ። ፈረንጆቹ የእኛን በዓላት አያውቁም፤ በሳምንቱ ሲነገራቸው ግራ ይገባቸዋል። በየዓመቱ መስከረም ላይ የዓመቱን ዝርዝር ስጧቸው። የደመራ ምሽት ሴፕቴምበር 26፣ አንዳንድ ዓመት 27። የገና ሌሊት፣ ከጃንዋሪ 6 እስከ 7። ጥምቀት ጃንዋሪ 19፣ አንዳንድ ዓመት 20፤ በ2026 ሰኞ፣ በማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ዋለ፣ ሥራ የሌለው ሰው እንደ ዕድል ቆጠረው። ሕማማት ሙሉውን ሳምንት። ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 22፣ በየቀኑ ቅዳሴ፤ ይህኛውን ሲሰሙ ይደነግጣሉ፣ ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አስረዱ። የእነሱ ፋሲካ ከእኛ ጋር የሚለያይበትንም አብራችሁ አስቀምጡ። በ2026 የእነሱ ትንሣኤ ኤፕሪል 5 ነው፣ የእኛ ሆሳዕና ቀን። ሁለታችንም ሕንፃው ጠዋት ያስፈልገናል። በ2027 የእነሱ ማርች 28 ነው፣ የእኛ ሜይ 2፤ ያን ጊዜ ሰፊ ነው።

በ2028 ግን ሁለቱም ኤፕሪል 16 ላይ ይውላሉ። የትንሣኤው ሌሊት አያስቸግርም። እኛ ከሌሊቱ ጨርሰን እናጸዳለን፣ እነሱ ጠዋት ይገባሉ። የሚያስቸግረው ዓርብ ነው። የእኛ ስቅለት ከጠዋት እስከ ማታ ስግደት ነው፤ ምንጣፉ ላይ ወንበር አይኖርም። እነሱ ደግሞ ዓርብ ቀትር ወይም ምሽት የራሳቸው ጸሎት አላቸው፣ ወንበሩም ያስፈልጋቸዋል። የታችኛውን አዳራሽ ለዚያ ቀን መጠየቅ ይቻላል፤ ወይም በአቅራቢያ ያለ የትምህርት ቤት ጂም መከራየት። ለትምህርት ቤት ጂም ብዙ ጊዜ የኢንሹራንስ ወረቀት ይጠይቃሉ፣ ቀኑም ቀድሞ ይያዛል። ከመጪው ስብሰባችሁ አጀንዳ ላይ ጨምሩት፤ ማን እንደሚጠይቅም እዚያው ስም ጻፉ።